«ጭምት፣ ለሁሉም ነገር ቅርብ፣ በመጠነኛ እድሳት እንደ አዲስ የምትሆን»፦ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ቋንቋ ሲፈታ

ጥያቄ

ውድ አባላት፣ የመጀመሪያ ቤቴን ለመግዛት አስቤ ጥቂት ወራት የሽያጭ ማስታወቂያ ሳነብ ከርሜያለሁ፤ እስካሁንም አንድ መጥፎ ቤት አላጋጠመኝም፤ በጽሑፍ ማለቴ ነው። ሄጄ ያየኋቸው ሰባት ቤቶች ግን ከተጻፈላቸው ማስታወቂያ ጋር የሚተዋወቁ አይመስሉም። «ሰፊ ሳሎን» የተባለው ሶፋ ከገባበት በሩ የማይከፈት ነበር፤ «ውብ እይታ ያለው» የተባለው ደግሞ እይታው የሚገኘው በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት በኩል፣ ያውም ወንበር ላይ ለወጣ ሰው ነው። አሁን ስምንተኛውን ለማየት ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦

«ጭምትና ውብ፣ ለሁሉም ነገር ቅርብ፣ ለጽዳት የማታስቸግር፣ በመጠነኛ እድሳት እንደ አዲስ የምትሆን፣ በፍጥነት በማደግ ላይ ባለ አካባቢ የምትገኝ 90 ካሬ ሜትር መኖሪያ ቤት። ባለቤቱ በአስቸኳይ ስለሚፈልግ ዋጋው ድርድር አለው። መጥቶ ማየት ማመን ነው!»

ልምድ ያላችሁ ሰዎች እነዚህ ቃላት በእርግጥ ምን ለማለት እንደተጻፉ፣ ከመሄዴ በፊትና እዚያ ከደረስሁ በኋላስ ምን መጠየቅና ምን ማየት እንዳለብኝ ብታስረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ቀድሞ የቤት ማስታወቂያ ይጽፉ ከነበሩ አባል

እኅቴ፣ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ለደላሎች ስጽፍ ዓመታት ያሳለፍሁ ሰው ስለሆንሁ፣ መልሴን እንደ ንስሐ ይቁጠሩልኝ። በቅድሚያ ማወቅ ያለብዎት፣ ጥሩ ጸሐፊ ውሸት እንደማይጽፍ ነው፤ ሥራው ከእውነቶች መካከል ለሻጩ የሚበጀውን መርጦ ማውጣትና የቀረውን በዝምታ ማለፍ ነው።

«ለሁሉም ነገር ቅርብ» የሚለውን ቃል በቃል ይውሰዱት። «ሁሉም ነገር» ሲባል ትምህርት ቤትና የሕክምና ጣቢያ ብቻ ሳይሆን፣ የአውቶቡስ መናኸሪያው፣ እስከ እኩለ ሌሊት የሚዘፈንበት መጠጥ ቤትና ጎህ ሳይቀድ የሚጀምረው ብረት ቤትም ይገኙበታል። «ለጽዳት የማታስቸግር» ማለት በአጭሩ ጠባብ ማለት ነው፤ መሐል ላይ ቆመው ሳይንቀሳቀሱ መጥረግ የሚችሉት ቤት ለጽዳት እንደማያስቸግር ማን ይክዳል? «ጭምት» ስንል ብዙውን ጊዜ ብርሃን አይደፍራትም ማለታችን ነበር። «በማደግ ላይ ያለ አካባቢ» ደግሞ መንገዱ ገና አልወጣም፣ ለጥቂት ዓመታትም ከአሸዋና ከሲሚንቶ ማቡኪያ ጋር ይኖራሉ ማለት ነው፤ ስለዚህ ፊት ለፊት ባዶ ቦታ ካዩ ባለቤቱ ምን ሊሠራበት እንዳሰበ ይጠይቁ፤ ዛሬ ለሳሎንዎ ብርሃን የሚሰጠው ያ ባዶ ቦታ ነውና።

«በአስቸኳይ» የሚለውን በተመለከተ፣ ማስታወቂያው መጀመሪያ የወጣበትን ቀን ይፈልጉ። ስምንት ወር የቆየ ጥድፊያ አይቼ አውቃለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ያልተጻፈውን ያንብቡ። የእርስዎ ማስታወቂያ ስለ ውኃ፣ ስለ ማብሰያ ቤት፣ ስለ መኝታ ክፍሎች ብዛት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔ ጥሩ ማብሰያ ቤት አግኝቼ ሳልጽፍ የቀረሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

መልስ፣ ከሲቪል መሐንዲስ

ወንድማችን ከላይ ቃላቱን በሚገባ ስለፈቱ፣ እኔ «በመጠነኛ እድሳት» በምትለው ላይ ብቻ ልቆይ፤ ገንዘብዎን የምትበላው እርሷ ናትና። «መጠነኛ» የምትለውን ቃል የሚመርጠው እድሳቱን የማይከፍለው ሰው መሆኑን አይርሱ።

ቤቱን ሲያዩ አዲስ ቀለም እንዳያስደስትዎ። ሙሉው ክፍል አሮጌ ቀለም ይዞ የአንዱ ግድግዳ የታችኛው ክፍል ብቻ ተቀብቶ ካገኙ፣ ከመሬት ወደ ላይ የሚሳብ እርጥበት ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል፤ በግድግዳው ላይ ነጭ፣ ዱቄት የመሰለ ነገር ካዩ ደግሞ ውኃው እየተነነ የተወው ጨው ነው። ስንጥቅ ባዩ ቁጥርም አይደንግጡ። በልስኑ ላይ ያለው እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ልስኑ ሲደርቅ የሚመጣ ነው፤ ከበር ወይም ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ ወይም የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚሄድ፣ በተለይም ከ5 ሚሊ ሜትር የሰፋ ከሆነ ግን መሠረቱ ተንቀሳቅሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ባለሙያ ሳያሳዩ ስለ ዋጋ አይነጋገሩ። እንዲህ ያለውን ቤት በቀለም «እንደ አዲስ» ማድረግ ይቻላል፤ የሚቆየው ግን እስከሚቀጥለው ስንጥቅ ነው።

የሁሉንም ክፍል ቧንቧ በአንድ ጊዜ ከፍተው የውኃውን ግፊት ይመልከቱ። የሜትር መለኪያም ይያዙ፤ ፎቶግራፎቹ የሚነሡት ሰፊ ማዕዘን በሚይዝ ሌንስ ስለሆነ ክፍሉን ከሆነው በላይ ያሰፉታል። ከመሄድዎ በፊት ይህንን ለማወቅ በፎቶው ጠርዝ አካባቢ ያሉትን ዕቃዎች ያስተውሉ፤ ክቡ ሳህን እንደ እንቁላል ከሞለለ፣ ማቀዝቀዣውም ወደ ጎን ከተለጠጠ፣ ክፍሉም አብሯቸው ተለጥጧል።

መልስ፣ ከሕግ ባለሙያ

እኔ የምጨምረው በአስተያየትና በሚለካ ነገር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። «ውብ» ወይም «ጭምት» የሚለው የሻጩ አስተያየት ስለሆነ በሕግ ፊት የሚያስጠይቅበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ «90 ካሬ ሜትር» የሚለው ግን እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን የሚችል ቃል ነው። በዚህ ረገድ የፈረንሳይ ሕግ ለምሳሌ የሚጠቀስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በጋራ ሕንፃ ውስጥ ያለ ቤት ሲሸጥ ስፋቱ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት፣ የጣሪያው ከፍታ ከ1.80 ሜትር በታች የሆነበት ቦታ አይቆጠርም፣ የተጻፈው ስፋት ከእውነተኛው ከ5 በመቶ በላይ በልጦ ከተገኘም ገዢው ዋጋው በዚያው መጠን እንዲቀነስለት መጠየቅ ይችላል። በእንግሊዝም ሐሰተኛ የቤት መግለጫን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ በ1991 ወጥቶ ነበር፤ በ2013 ተሽሮ በጠቅላላው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ተተክቷል። የእርስዎ አገር ሕግ ምንም ይሁን ምን፣ ስፋቱ ምን ምን ተደምሮ 90 እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ቃላቱ ራሳቸው ዋጋውን እንደሚያሳብቁም ያስታውሱ። ኢኮኖሚስቱ ስቲቨን ሌቪት በአሜሪካ የቤት ማስታወቂያዎች ላይ ባደረገው ንጽጽር፣ እንደ «ግራናይት» ያሉ የሚዳሰስ ነገር የሚጠሩ ቃላት ከፍ ካለ የመሸጫ ዋጋ ጋር ሲገናኙ፣ «ማራኪ»ና «ሰፊ» የሚሉት ዝቅ ካለው ጋር ተገናኝተዋል። ቃለ አጋኖም ከዝቅተኞቹ ወገን ናት፤ የእርስዎ ማስታወቂያ በምን እንደተፈጸመ ልብ ይበሉ።

መልስ፣ ከሌላ አባል

ማስታወቂያው ሰምና ወርቅ ነው እንዳትሉ ብቻ አደራ። በቅኔ ሰሙ ሲቀልጥ የሚወጣው ወርቅ ነው፤ እዚህ ግን ሰሙ ሲቀልጥ የሚወጣው የሚያፈስ ጣሪያ ነው።

ደግሞም ጥርጣሬው ልክ ይኑረው። እኔ «ፀጥ ያለ ሰፈር» የሚለውን «ከሁሉ ነገር የራቀ» ብዬ ተርጉሜ ሳላይ የተውሁት ቤት፣ በኋላ ባልንጀራዬ ገዝቶት ስጎበኘው በእውነት ፀጥ ያለ፣ ለመንገድም የቀረበ ሆኖ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በለንደን ሮይ ብሩክስ የሚባል የቤት ሽያጭ ወኪል የቤቶቹን ጉድለት በጋዜጣ ላይ ያለ ርኅራኄ እየዘረዘረ ያስተዋውቅ ነበር፤ ሰዉ ማስታወቂያውን እየፈለገ ያነብብለት ነበር፤ ቤቶቹም ይሸጡ ነበር። ስለዚህ ጉድለት ያለበት ቤት ሁሉ የሚሸሽ አይደለም፤ ጉድለቱን ዐውቀው ከገቡበት። ደግሞ ሁለት ጊዜ ይሂዱ፤ አንዱን ቀን በሥራ ሰዓት፣ ሌላውን ማታ። ሻጭ ለቀጠሮ የሚመርጠው ሰዓት ብዙውን ጊዜ ጎረቤት ዝም የሚልበት ነው።

ከጠያቂዋ የተሰጠ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት አስቀድሜ ስልክ ደውዬ እድሳቱ ምን ያህል እንደሆነ ብጠይቅ «ከመጠን ያለፈ አይደለም» የሚል መልስ አገኘሁ። ሁለት ጊዜም ሄድሁ። ቤቷ በእርግጥ ለሁሉም ነገር ቅርብ ናት፤ በተለይ ለብረት ቤቱ እጅግ ስለምትቀርብ ግድግዳቸው አንድ ነው። ስለካት 71 ካሬ ሜትር ሆነች፤ ሻጩም ሳይደናገጡ፣ ቀሪው 19 የበረንዳውና የውጭ ደረጃው እንደሆነ አስረዱኝ። ፊት ለፊት ያለው ባዶ ቦታ ባዶነቱን ትቶ መሠረት ተቆፍሮበታል። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ እስከ ወገቤ ድረስ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ከወገቤ በላይ ግን የድሮው ነው። ዋጋው ድርድር አለው የተባለው ብቻ ያለ ትርጉም እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ገና የሰያፉን ስንጥቅ ሳነሣ መቀነስ ጀመሩ።

አመስግኜ ተመለስሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ያው ማስታወቂያ እንደገና ወጥቶ አየሁት፤ አንድ ሐረግ ተጨምሮበታል፦ «በተደጋጋሚ የተጎበኘች»።