የእናት ጓዳ አደባባይ ይውጣ? (ክርክር)

ጥያቄ አቅራቢ፦ የቻይናዊው አርቲስት የሶንግ ዶንግ አባት በ2002 እ.ኤ.አ. በድንገት ሞቱ። እናቱን ዣዎ ሺያንግዩዋንን ሐዘኑ ጎዳቸው። ድሮም ዕቃ መጣል አይወዱም፣ አሁን ቤቱን ሞሉት። ልጅየው በ2005 ከ10,000 በላይ ዕቃ አውጥቶ ቤጂንግ አዳራሽ ውስጥ የሥነ ጥበብ ሥራ ነው ብሎ ለሕዝብ ደረደረው፤ ኋላም ኒውዮርክና ለንደን ድረስ ወሰደው። ያለቀ የጥርስ ሳሙና፣ የጠርሙስ ክዳን፣ አሮጌ ጫማ፣ የቤቱ እንጨት ሳይቀር። ትክክል ነው ትላላችሁ?

የፒያሳ ልጅ፦ እኔ አልተዋጠልኝም። ጓዳ ገመና ነው። እናት ስታዝን ልጅ ያጽናናታል እንጂ ሰው ጠርቶ አያሳይባትም። ደሞ ለማን? ለኒውዮርክና ለለንደን ሰው!

ሥዕል አስተማሪ፦ ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር ዘለልከው። ዕቃውን ከልጃቸው ጋር የለዩትና የደረደሩት እሳቸው ናቸው። ቤጂንግ ላይ መሀሉ ተቀምጠው ለመጣው ሁሉ ታሪኩን ያወሩ ነበር። «እማዬ፣ ይሄን ጣይው» ብሎ ቤቱን ቢጠርግባቸው ነበር ግፉ። ሐዘናቸውን ይዘው ቤት ከሚቀመጡ ሥራ ሰጣቸው።

የለንደኗ፦ በ2012 እዚህ ለንደን ባርቢካን የሥነ ጥበብ ማዕከል ሲመጣ አይቼዋለሁ። ፌስታሉ ሁሉ በጥንቃቄ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ታጥፏል። የልብስ ሳሙናውን ደግሞ በራሽን ዘመን ለልጆቻቸው ብለው ያጠራቀሙት ነው። ልጃቸው ሲያገባ ሊሰጡት ቢሉ «የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለኝ» አላቸው። እሳቸው ግን አልጣሉትም፤ አስቀመጡለት። እናትና ልጅ እንዴት እንደተላለፉ እዚያ ሳሙና ላይ ታየኝ። አለቀስኩ።

የፒያሳ ልጅ፦ የሳሙናው ነገር አንጀት ይበላል። ግን እኮ ሴትየዋ በ2009 መጀመሪያ አርፈዋል! በዚያው ዓመት ክረምት ዕቃው ኒውዮርክ ሞማ የሚባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ገባ። በሕይወት ሳሉ ያሉት እሺታ ለዘላለም ይሠራል? ማን ይጠየቅ?

ሥዕል አስተማሪ፦ ቤተሰቡ ነዋ! የሚደረድሩት እሱ፣ እህቱና ባለቤቱ ዪን ሺውዠን ናቸው፤ እሷም አርቲስት ነች። ከላይ በኒዮን መብራት ለአባትየው የተጻፈ መልእክት አለ፦ «አባዬ አትጨነቅ፣ እማዬም እኛም ደህና ነን።» ለሞተ አባት የሚጽፍ ልጅ እናቱን ይሸጣል?

ማኅበራዊ ሠራተኛ፦ እኔ ከሥራዬ ልናገር። ዕቃ የሚያጠራቅሙ አረጋውያንን ቤት እናያለን። ልጆች ቅዳሜ መጥተው ጭነው ይጥሉታል፤ እናት ሰኞ ትታመማለች። ቤጂንግ ውስጥ ደግሞ ሁቶንግ የሚባሉት የድሮ ባለ ጠባብ መንገድ ሰፈሮች ፈርሰው ብዙ ሰው አፓርታማ ገባ። በግቢ ኑሮ የተጠራቀመው የት ይቀመጥ? ይሄ ልጅ እናቱ ትቀየር አላለም። እኔ ያከበርኩት ለዚህ ነው።

ጥያቄ አቅራቢ፦ እኔም ወደ አስተማሪው አዘነብላለሁ። በሕይወት ሳሉ ሥራው የእሳቸውም ነበር፣ ይሄ አያከራክርም። የፒያሳው ልጅ የሞት ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋል። እሳቸው በሌሉበት ሲታይ፣ ስለ ሳሙናው፣ ስለ ጫማው የተናገሩት በራሳቸው አንደበት ከዕቃው ጎን ይጻፍ። ይሄ ከቀረ ተመልካቹ የሚያየው የድሃ ቤት ዕቃ ብቻ ነው፣ ያኔ ክርክሩን የፒያሳው ልጅ ይረታል።