ድርጅቶች ለብስክሌት ቡድን ለምን ብር ያፈሳሉ?

የአዘዞ ልጅ፦ ሰላም ጎንደሬዎች! ቱር ደ ፍራንስን፣ ትልቁን የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ ሰዉ መንገድ ዳር ቆሞ በነፃ ነው የሚያየው። ታዲያ ስፖንሰሮቹ ምን ያገኛሉ?

ፔዳል፦ ወንድሜ፣ ዋናው ስሙ ነው። ቡድኑ ራሱ በድርጅቱ ስም ይጠራል፣ ልክ እንደ ቀድሞው የእግር ኳስ ክለባችን ዳሽን ቢራ። ኮሜንታተሩ በቀጥታ ስርጭት ለሰዓታት ሳይወድ በግድ ያስተዋውቀዋል ማለት ነው። ክዊክ ስቴፕ እኮ የወለል ንጣፍ አምራች ነው፤ ለብስክሌት ባይሆን ጎንደር ላይ ማን ያውቀው ነበር?

ከማራኪ፦ እውነት ነው። በፈረንጆቹ 2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ 3 የቀን ውድድሮችን አሸንፎ የነጥብ መሪውን አረንጓዴ ማሊያ ሲወስድ፣ የቡድኑ ስፖንሰር ኢንተርማርሼ የሚባለው የፈረንሳይ ሱፐርማርኬት ስም እኛ ሰፈር ድረስ ተሰማ። የኛው ጽጋቡ ግርማይም በፈረንጆቹ 2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ሲወዳደር ለላምፕሬ ሜሪዳ ነበር፤ አንዱ ብረት፣ አንዱ ብስክሌት የሚሠራ። ኮርቼ ነበር!

ፒያሳ፦ አደጋም አለው። ዶፒንግ፣ ማለትም የተከለከለ አበረታች መድኃኒት፣ ከተገኘ የሚጠፋው የድርጅቱ ስም ነው። የሆላንዱ ራቦባንክ በፈረንጆቹ 2012 በዚሁ ምክንያት ወጣ። ቡድኖቹ የትኬት ገቢ የላቸውም፣ የቴሌቪዥኑም ብር በአብዛኛው ለአዘጋጁ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ስፖንሰር ሲሄድ ጎበዝ ጋላቢዎች ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።