ከመንገድ የራቀ አሮጌ የድንጋይ ቤት እድሳት ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦
ለብዙ ዓመታት ሰው ያልኖረበት፣ ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ መኪና በደረቅ ወራት ብቻ የሚደርስበት አሮጌ ቤት ለማደስ አስቤያለሁ። ጣሪያው ያፈሳል፤ የግድግዳው የታችኛው ክፍል እርጥበት ይዟል፤ በአንደኛው ማዕዘን ላይም ስንጥቅ ይታያል። ግድግዳውን በሲሚንቶ ብለስነው እርጥበቱ ይቆማል? ገንዘቤ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይበቃ ቅደም ተከተሉን ብትነግሩኝ እወዳለሁ።

መልስ 1፦
ከጣሪያው ይጀምሩ፤ ውሃ ከላይ እየገባ ሌላ ሥራ መሥራት ገንዘብ ማባከን ነው። ሲሚንቶውን ግን አልመክርዎትም። በጭቃ የተገነባ ግድግዳ ከመሬት የሚስበው እርጥበት በገጹ በኩል እየተነነ ይወጣል፤ ጠንካራው የሲሚንቶ ልስን ይህን መውጫ ስለሚዘጋው ውሃው ውስጥ ይጠራቀምና ጭቃውን ያላላዋል፣ ልስኑም ውሎ አድሮ ይላቀቃል። በኖራና በአሸዋ የተዘጋጀ ልስን ይሻላል፤ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ግን ከፀሐይና ከነፋስ መከለል አለበት (ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው)።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ይሁንና ከልስኑ በፊት የውጩን አፈር ይመልከቱ። በአሮጌ ቤቶች ዙሪያ አፈር ከዓመት ዓመት እየተከመረ ከውስጡ ወለል በላይ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ዝቅ አድርጎ ውሃውን ከቤቱ የሚያርቅ ቦይ መቆፈር ብቻውን ብዙውን እርጥበት ሊያስቀር ይችላል። ቦዩ ግን ከመሠረቱ ግርጌ በታች አይውረድ።

መልስ 3፦
ስንጥቁን በተመለከተ፣ በላዩ ላይ ቀጭን ጂፕሰም ለጥፈው ቀኑን ይጻፉበት። ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነውና መሐንዲስ ሳያየው አይንኩት። አሸዋውንና ኖራውን መንገዱ ሳይዘጋ ያስገቡ፤ ኖራውንም ዝናብና እርጥበት በማያገኘው ቦታ ያስቀምጡ።