የተቀበረ ጋዝ በምን ይታያል?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ሻይ ቤት ተቀምጠን ከጓደኛዬ ጋር ተሟገትን። ኖርዌይ ከ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሰሜን ባሕር ባለው የስላይፕነር ጋዝ ማውጫ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከባሕር ወለል በታች ትቀብራለች። አለመሹለኩን በምን ያውቃሉ?

መልስ፦ በድምፅ ሞገድ ነው፤ ከመርከብ ይለቀቃል፣ ከአለቱ ነጥሮ ሲመለስ ይመዘገባል። ጨዋማ ውሃ ባዘለ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ጋዝ ሲገባ ሞገዱ ይዘገያል። ሳይቀበር በፊት በ1994 የተነሣው ምስል ከኋለኞቹ ጋር ይነጻጸራል። ካላመንክ አምቦ ውሃ እዘዝና ብርጭቆውን በማንኪያ ምታው፤ አረፋው እያለ ድምፁ ይታፈናል፣ አረፋው ሲያልቅ ይጠራል።

ሌላ መልስ፦ ሞገድ ብቻ አይበቃም ባይ ነኝ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተቀበረበት በአልጄሪያው ኢን ሳላህ መሬቱ በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ማለቱን ያሳየው የሳተላይት ራዳር ነው። እዚያ ጋዝ ማስገባቱ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ቆሟል።

ጠያቂው፦ አምቦውን መታሁት። አስተናጋጇ ሂሳብ የጠየቅሁ መስሏት መጣች።