ከባድ ዝናብ ሲጥል ማስረፈድ ነው መዝጋት? (ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ላለ ትምህርት ቤት)

ወመህ_ቱሉዲምቱ
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ የግል ትምህርት ቤት ወመህ (ወላጅ መምህር ኅብረት) አባል ነኝ። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል ነን፤ ልጆቹ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬና ከገላን ይመጣሉ። ሰርቪሶቹ ሁለት ሁለት ዙር ይሠራሉ። ለከባድ ዝናብና ለጎርፍ ቀን የአንድ ገጽ መመሪያ አዘጋጁ ተብለናል። ረቂቁ ላይ ውጭ አገር እንደሚደረገው "ሁለት ሰዓት ማስረፈድ" እና "ሙሉ ቀን መዝጋት" ብለን ጽፈናል። ጥያቄዬ፦ ማስረፈድ ለእኛ ይሠራል ወይ? ውሳኔውን ማን፣ በስንት ሰዓት ይስጥ? ዝናቡ መውጫ ሰዓት ላይ ቢመጣስ?

ጠመኔ
ሁለቱም አማራጮች የተቀዱት ችግሩ ሌላ ከሆነበት አገር ነው። አሜሪካ ውስጥ በረዶ ሲጥል ብዙ የትምህርት ዲስትሪክቶች ከሌሊቱ 9 እና 10 ሰዓት ገደማ መንገድ የሚያዩ ሰዎች ያሰማራሉ፤ ኃላፊው 11 ሰዓት አካባቢ ይወስናል፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ስለሚነሳ። ሁለት ሰዓት ማስረፈድ የሚጠቅማቸው መንገዱ እየነጋ ሲሄድ ስለሚሻል ነው፤ በረዶው ይጠረጋል፣ ጨው ይበተናል። መስመሩ አይቀየርም፣ ሁሉም ፌርማታ እኩል ሁለት ሰዓት ይገፋል።

እኛ ጋ ግን ዝናቡ ብዙውን ጊዜ የሚጠናው ከሰዓት በኋላ ነው። የጠዋት 2 ሰዓቱን መግቢያ 4 ሰዓት ካደረጋችሁትና መውጫውንም አብራችሁ ከገፋችሁት ልጆቹን ዶፉ ውስጥ ነው የምታስወጧቸው። ስለዚህ ማስረፈድ የሚሠራው ሌሊቱን ዘንቦ ያደረው ውሃ ጠዋት መንገድ ላይ ሲተኛ ብቻ ነው፤ እሱም መውጫ ሰዓቱ ሳይነካ።

መውጫውን ሳትነኩ ለማስረፈድ ክፍለ ጊዜ አሳጥሩ። 6 ክፍለ ጊዜ በ40 ደቂቃ 240 ደቂቃ ነው፤ በ30 ስታደርጉት 180 ይሆናል። አንድ ሰዓት ተረፈ፣ እረፍቱም ምሳውም ባለበት ነው። 7 ክፍለ ጊዜ ካላችሁ 70 ደቂቃ ታገኛላችሁ። ከዚያ በላይ ማስረፈድ አያዋጣም፤ ሁለተኛው ዙር ሰርቪስ ሲደርስ ግማሹ ቀን አልቋል። ዝጉና ቅዳሜ አካክሱ።

ካላንደሩንም እዩት። ዝናቡ የሚከፋባቸው ሐምሌና ነሐሴ መደበኛ ትምህርት የለም። እናንተን የሚያገኛችሁ የመጋቢትና የሚያዝያ የበልግ ዝናብ፣ ሰኔና መስከረም ነው። ሰኔ ደግሞ ፈተና ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና ሰዓት በእናንተ እጅ ስላልሆነ "ተማሪ ጎርፍ ቢያግደው ለማን ይደወላል?" የሚለውን ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር ግንቦት ላይ ጨርሱት።

ቦይና_ድልድይ
ሰማዩን ብቻ አትመልከቱ። ትልቁም ትንሹም አቃቂ ወንዝ ከላይ ከተራራው ወገን ተነስተው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ነው የሚወርዱት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ። ላይ ሲዘንብ እናንተ ጋ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ሰፈሩ ደረቅ ነው ብሎ ልጅ ወንዝ ማሻገር አደጋ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከአሁኑ፣ መንገዱ ደረቅ ሳለ፣ አንድ ሰው ከሾፌሩ ጋር እያንዳንዱን መስመር ይሂድበት። ውሃ የሚያቋርጥባቸውን ቦታዎች፣ ክዳን የሌላቸውን ማንሆሎችና ክፍት ዲቾች ይመዝግብ። መንገድ ላይ ጎርፍ ሲተኛ ማንሆሉ አይታይም። መሻገሪያው አጠገብ ባለ ምሰሶ ወይም ግንብ ላይ ከመንገዱ ወለል ተለክቶ 15 እና 30 ሳንቲ ሜትር ላይ በቀለም ይሰመር። 15 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል፤ 30 ብዙ ትንንሽ አውቶሞቢሎችን ያንሳፍፋል። ለሾፌር የሚሰጠው ትእዛዝ ቀላል ይሁን፦ የታችኛው ቀለም ከተሸፈነ ይመለሳል። "ትንሽ ነው፣ አልፈዋለሁ" የለም።

አፈሩንም አትርሱ። በእናንተ በኩል ጥቁር አፈር ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጎማ ይይዛል። ሚኒባሱ የሚቀረው አስፋልቱ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ በሚያስገባው የመጨረሻ ጭቃ ላይ ነው። ለያንዳንዱ ሰፈር አስፋልት ወይም ኮብልስቶን ዳር "የዝናብ ቀን ፌርማታ" ወስኑና ለወላጅ መስከረም ላይ በወረቀት ስጡ። በዝናብ ቀን ጠዋት በስልክ "የት ጋ ነው የምትቆመው?" መባባል ከተጀመረ ያ ሰርቪስ አንድ ሰዓት ያረፍዳል።

ዩኒት_ሊደር
ማን ይወስን ለሚለው፦ አንድ ሰው። ርዕሰ መምህሩ፣ ካልተገኘ ምክትሉ። ኮሚቴ ጠዋት 11 ሰዓት ላይ አይሰበሰብም። የመጀመሪያው ልጅ 12:30 የሚነሳ ከሆነ፣ 11:00 ላይ የየመስመሩ ሾፌሮች መንገዱን አይተው ይደውላሉ፣ 11:30 ይወሰናል፣ 11:45 መልእክቱ ይወጣል። ከ12 ሰዓት በኋላ ግን መዝጋት የለም። ወላጅ ሥራ ከወጣ በኋላ የተዘጋ ትምህርት ቤት ልጁን ብቻውን፣ አንዳንዱን ደግሞ ከወንዙ ዳር ቤት ውስጥ ነው የሚተወው። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ተቀብሎ ማቆየት ነው።

መልእክቱ በቴሌግራም ብቻ አይሁን። ዝናብ ሲበረታ መብራት ይሄዳል፣ ዳታም ይዳከማል፤ ያው ጽሑፍ በኤስኤምኤስ ይላክ። አጭር ይሁን፦ "ሰኞ መጋቢት 14፦ ትምህርት 3 ሰዓት ይጀምራል። ሰርቪስ 1 ሰዓት ዘግይቶ በዝናብ ቀን ፌርማታ ይቆማል። መውጫ አልተቀየረም።" ቀኑን ሳትጽፉ "ዛሬ" ካላችሁ በማግሥቱ የደረሰው ወላጅ ልጁን ያስቀራል። "ሁኔታውን እያየን ነው" የሚል መልእክት አትላኩ፤ መቶ ስልክ ነው የሚያመጣባችሁ።

ሙሉ ቀን ስትዘጉ ለወረዳው በደብዳቤ አሳውቁ፣ የማካካሻውን ቅዳሜም እዚያው ጻፉበት። ገላን ሸገር ከተማ ስለሆነ እዚያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የእናንተም የተዘጋ የሚመስለው ወላጅ ይኖራል። ትምህርት ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ የእናንተን መልእክት ብቻ እንዲጠብቁ ንገሯቸው።

ሁለት_ፈረቃ
ይህን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሰዎችም ስለሚያነቡት ልጨምር። በፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የጠዋቱን ፈረቃ ካቆየ የከሰዓቱ በር ላይ ይከማቻል፤ የከሰዓቱን የሚያስጠልል ባዶ ክፍል ወይም አዳራሽ አስቀድሞ መመደብ አለበት። ምገባ ባለበት ደግሞ መዝጋት ማለት ቁርስና ምሳ ማስቀረት ነው። ለብዙ ልጅ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከተቻለ አስረፍዱ እንጂ አትዝጉ።

ወመህ_ቱሉዲምቱ
በጣም አመሰግናለሁ። የመውጫ ሰዓቱ ቀረ። ዶፍ እየወረደ መብረቅ ካለ እስከ ስንት ሰዓት እናቆያቸው?

ዩኒት_ሊደር
ደወል አይደወልም። በቆርቆሮው ጩኸት ማስተማር ስለማይቻል ክፍል ውስጥ ሥዕል ወይም የቤት ሥራ ይያዙ፤ የክፍል ኃላፊው ስም ይጥራ። ብልጭታ አይታችሁ ነጎድጓዱ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከተሰማ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ማንም ሜዳ አይወጣም፣ ባሕር ዛፍ ሥር አይጠለልም። ከመጨረሻው ነጎድጓድ 30 ደቂቃ ቆጥራችሁ ልቀቁ። መጀመሪያ መዋዕለ ሕፃናት፣ ቀጥሎ በእግር የሚሄዱት በሰፈር በሰፈር ተቧድነው፣ ታናሽ ያለው ከታናሹ ጋር። ሰርቪስ መጨረሻ፣ ሾፌሮቹ ቀለሙን አይተው ከደወሉ በኋላ።

10:30 ላይ ካላባራ ለወላጆች "ልጆቹ እዚሁ ናቸው" የሚል መልእክት ይውጣ። 11:30 ላይም ካልቆመ መጥተው መውሰድ የሚችሉት በፊርማ ይረከቡ፤ ሊረከብ የሚችለው ሰው ስም መስከረም ላይ የተመዘገበ ይሁን፣ "አጎቱ ነኝ" ያለ ሁሉ አይወስድም። ለቀሩት ሁለት መምህር፣ አንድ ጥበቃ፣ ዳቦና ውሃ፣ ቻርጅ የተደረገ ባትሪ መብራት ይኑር። ከጨለመ ሰርቪስ ውሃ አያቋርጥም፤ ወላጅ ከማዶ የሚጠብቅ ከሆነም ልጁ ግቢ ይቆያል። ግቢው ራሱ ውሃ ከገባበት ልጆቹን ወደ ፎቁ አውጡና ወደ እሳትና አደጋ፣ 939 ደውሉ።