ባለ 16 ኮር ኮምፒውተር፣ ሲፒዩ 30 ከመቶ ብቻ! ነገ ጠዋት አስረክባለሁ፣ ድረሱልኝ

ማለዳ (ጠያቂ)
እባካችሁ ቶሎ! 46 ቪዲዮ ወደ ኤች265 (ቪዲዮን አጥብቆ የሚጨምቅ ዓይነት) እየቀየርኩ ነው። 8ቱ አልቀዋል፣ 38 ቀርተዋል። ያለኝ 14 ሰዓት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ባለ 16 ኮር ነው (ኮር ማለት በሲፒዩው ውስጥ ለብቻው የሚሠራ ክፍል)፤ ሲፒዩው ግን ከ30 ከመቶ አያልፍም። በኤፍኤፍኤምፔግ (ቪዲዮ መቀየሪያው ፕሮግራም) ትዕዛዝ ላይ የስሬዱን፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሄዱትን ሥራዎች ቁጥር 16 አደረግሁት፣ ከዚያ 32። ወይ ፍንክች! ምን ላድርግ?

ሽቦ
ወንድሜ፣ ፕሪሴቱን (የፍጥነትና የጥራት ምርጫውን) ፈጣን አድርገው። አለቀ።

የድሮ ካሴት
ቆይ፣ መጀመሪያ ነገሩን እንረዳ። ቪዲዮ የፎቶ ክምር አይደለም። አብዛኛው ፍሬም (አንዱ ምስል) የሚጻፈው ከሌላው የተለየበትን ብቻ በመያዝ ነው። ስለዚህ ኢንኮደሩ (ቪዲዮውን የሚጨምቀው) አንዱን ፍሬም ሳይጨርስ ሌላውን እንደፈለገ መጀመር አይችልም። ሥራ ለሰው ሁሉ እኩል አይከፋፈልም፤ ጉድጓድ ለመቆፈር 16 ሰው ብትጠሩ የሚገባው ሁለት ሰው ነው፣ ሌላው ዳር ቆሞ ያያል። ኮር መግዛት ብቻ ፍጥነት መግዛት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኔ ይህን ደጋግሜ ጽፌያለሁ፤ ማንም አያነብም።

ጉንዳን
ካሴት፣ ሰውየው ተቸግሯል እኮ። ጠያቂ፣ የቪዲዮዎቹ መጠን ስንት በስንት ነው? ርዝመታቸውስ? ፊልተር (ምስሉን የሚያስተካክል ማጣሪያ) አለው?

ማለዳ
ሴት ነኝ። ከድሮ ካሴት የተቀዱ ናቸው፣ 720 በ576። እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። መስመሩን የሚያስተካክል ፊልተር እና ኤንኤልሚንስ የሚባለው የጫጫታ ማጽጃ አለበት። ፕሪሴቱ ስሎው ነው። ስፒዱን 1.2 ብሎ ነው የሚጽፈው፣ በ1 ደቂቃ 1.2 ደቂቃ ቪዲዮ ማለት ነው። አንድ በአንድ በስክሪፕት (ትዕዛዞቹን በተራ በያዘ ፋይል) ነው የማስኬደው።

ሽቦ
ይቅርታ እህቴ። ፕሪሴቱን ፈጣን አድርጊው።

ዝምተኛው
ለምን ትቀይሪዋለሽ ግን? የፋይሉን ዓይነት ብቻ መለወጥ ከሆነ ኢንኮድ (እንደገና መጨመቅ) አያስፈልግም። የኮፒ አማራጭ አለ፤ እንዳለ አንስቶ አዲሱ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ በደቂቃ ያልቃል።

ማለዳ
መጠኑ መቀነስ አለበት ተብያለሁ። ጫጫታውም መጽዳት አለበት። ኮፒ አይሆንም።

ጉንዳን
እንግዲያው ችግሩ ይኸው። ኤክስ265 (ወደ ኤች265 የሚቀይረው ኢንኮደር) ፍሬሙን በ64 በ64 ካሬ ይከፍልና ረድፍ በረድፍ ያከፋፍላል። የታችኛው ረድፍ ሁልጊዜ ከላይኛው ትንሽ ወደ ኋላ ይላል፣ እሱን መጠበቅ አለበት። 1080 ከፍታ ያለው ቪዲዮ 17 ረድፍ አለው፣ 2160ው 34። ያንቺ 576 ደግሞ 9 ብቻ! ሁለት ሦስት ፍሬም ጎን ለጎን ቢያስኬድም 16 ኮር አይሞላም። የስሬድ ቁጥር 32 አድርጊ 100፣ ረድፉ አይጨምርም።
መፍትሔው አንዱን ፋይል ማፍጠን አይደለም። 4 ፋይል ባንድ ጊዜ አስኪጂ። አንዱ ሌላውን አይጠብቅም፣ ጥራቱም አይነካም።

ሽቦ
ወይም ግራፊክስ ካርዱን ተጠቀሚ። ኤንቬንክ (የኤንቪዲያ ካርድ ላይ ያለው ኢንኮደር) ያበረዋል።

ጉንዳን
ያበረዋል፣ እውነት ነው። ግን በተመሳሳይ ጥራት ፋይሉ ይተልቃል። መጠን ቀንሺ ለተባለች ሰው የመጨረሻ አማራጭ ነው።

ማለዳ
ወየው! ስክሪፕቱ ላይ ኤፍኤፍኤምፔግ ከሚጠራው መስመር መጨረሻ & (ሳይጠብቅ ቀጣዩን የሚያስጀምረውን ምልክት) ጨመርኩ። ኮምፒውተሩ ደረቀ። አይጡ እንኳ አይንቀሳቀስም!!

ዝምተኛው
38ቱንም ባንድ ላይ አስነሳሻቸው ማለት ነው። ራሙ ሞልቶ ወደ ዲስክ እየጻፈ ነው። ካልተመለሰ አጥፊና አብሪው። ግማሽ የተጻፉትን ፋይሎች ሰርዢ፤ ያለቁ መስለውሽ እንዳታልፊያቸው።

ጉንዳን
አይዞሽ። & ቁጥር አያውቅም፣ ያገኘውን ሁሉ ይለቃል። ኤክስአርግስን ተጠቀሚ፤ ዝርዝር ተቀብሎ ትዕዛዙን ለእያንዳንዱ የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው። የፋይሎቹን ስም ዝርዝር ስጪው፣ ትልቁን ፒ 4 በይው፣ ትንሹን ኤን 1። አራት ያስኬዳል፣ አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩን ያስገባል። በኤክስ265 አማራጮች ውስጥ ደግሞ ፑልስ (የስሬድ ብዛት) የሚለውን 4 አድርጊ። አራቱ ፋይሎች ለ16ቱ ኮር እንዳይሻሙ ነው።
ስሌቱ ቀላል ነው። 38 ሲባዛ በ45 ደቂቃ 28 ሰዓት ተኩል ቪዲዮ ነው። በ1.2 ስፒድ 24 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ አይደርስልሽም። አራቱ እያንዳንዳቸው 0.7 እንኳ ቢሄዱ በድምሩ 2.8 ነው። በ10 ሰዓት ገደማ ውስጥ ትጨርሻለሽ።

የድሮ ካሴት
ጉንዳን በደንብ ብሎታል። አንድ ነገር ልጨምር። ኤንኤልሚንስ ከባድ ፊልተር ነው። ምናልባት ጊዜሽን የሚበላው ኢንኮደሩ ሳይሆን እሱ ይሆናል። ከአንድ ፋይል 1 ደቂቃ ቆርጠሽ ያለ እሱ ሞክሪ። ስፒዱ ዘሎ ከወጣ ሌባው ተገኘ። ኤችኪውዲኤን3ዲ የሚባለው የጫጫታ ማጽጃ በጣም ይቀላል፤ ለካሴት ጫጫታ እኔ እሱን ነው የምጠቀመው። የማጽዳት ኃይሉ ግን እኩል ስላልሆነ በዓይንሽ አይተሽ ወስኚ።

ሽቦ
እኔም ያልኩት እኮ ያው ነው፣ ሥራውን ቀለል አድርጊለት። ፕሪሴቱን ከስሎው ወደ ሚዲየም።

ማለዳ
ተነሣ! 4ቱ እየሄዱ ነው። ሲፒዩው 90 ደርሷል፣ ማራገቢያው እየጮኸ ነው። ግን የሁለቱ ስፒድ 0.3 ላይ ተኝቷል። ዋናዎቹ ፋይሎች ያሉት በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፣ የሚጻፈውም እዚያው። ችግሩ ከዚያ ይሆን?

ዝምተኛው
ካሴት የተቀዳው ሳይጨመቅ ከሆነ ፋይሉ ግዙፍ ነው። አራት ፋይል ባንድ ላይ ሲነበብ የዲስኩ ጭንቅላት ወዲያ ወዲህ ይሮጣል። የሚጻፈውን አዲሱን ፋይል ወደ ውስጠኛው ዲስክ አዙሪ። ቦታ ካለሽ ቀጣዮቹን 4 ፋይሎች ቀድመሽ ወደ ውስጥ ቅጂ።

ጉንዳን
መጀመሪያ ግን እነዚያ ሁለት ፋይሎች የተለየ ነገር እንዳላቸው እዪ። ደግሞም ያለቀውን ሁሉ የመጨረሻውን ደቂቃ ከፍተሽ አጫውቺ። መሃል ላይ የተቋረጠ ፋይል ስሙ ካለቀው አይለይም። ምን እንደሆነ ጻፊልን።

አዲስ ገቢ
ሰላም፣ እኔም ይሄው ችግር አለብኝ፤ የእኔ ግን ኤቪ1 (ሌላ የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነት) ነው፣ ራሙም 8 ጊጋ ብቻ። 4 ፋይል ይችላል ወይስ 2 ይሻለኛል?