የፓስወርድ ግመታን ስለመከላከል፦ የጋራ ረቂቅ ቁጥር 2

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ማሽኖቹን የሚያገናኘው ስዊችም ሞደምም ከኢንተርኔት በቀጥታ አይታይ፤ ከውጭ የሚገባ በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ብቻ ይግባ። ቴልኔት (ፓስወርዱን ሳይመሰጥር ከርቀት የሚያስገባው የድሮ መንገድ) ይዘጋ። ከፋብሪካ የመጣ ፓስወርድ መሣሪያው ሥራ ሳይጀምር ይቀየር። አንቀጽ 4፦ 3 ጊዜ የተሳሳተ አካውንት ለ15 ደቂቃ ይቆለፍ። እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡ። ካልጸደቀ መዋጮው አይለቀቅም፤ ያምናው እንዴት እንደቀረ ታውቃላችሁ።

የማታ ፈረቃ፦ 3? በጓንት ያችን የማሽኑን ስክሪን ነክተህ ታውቃለህ? 4ን ስትነካት 5 ትጽፋለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሁለቴ ሳልሳሳት ገብቼ አላውቅም። 5 ይሁን።

ጸሐፊ፦ ሌላውን አንብበኸዋል?

የማታ ፈረቃ፦ አንቀጽ 4 ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ቀን ፈረቃ፦ ጓንትህን አውልቅ።

የማታ ፈረቃ፦ አንተ ኤሲ ሥር ተቀምጠህ ጓንት አውልቅ ማለት ይቀላል።

የኔትወርክ ሰው፦ በቁጥር እንነጋገር። ባለ 4 አሃዝ ፒን 10,000 ዓይነት ነው። ገደብ ከሌለው፣ በሰከንድ አንዴ የሚሞክር ፕሮግራም ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉንም ይጨርሳል። በየ5 ስህተቱ ለ15 ደቂቃ ቢቆለፍ 21 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ በየ3ቱ ቢቆለፍ 35 ቀን ገደማ። ሎጉን (የሙከራዎቹን መዝገብ) የሚያይ ሰው ካለ ሁለቱም ይበቃል። ከሌለ ሁለቱም ዋጋ የለውም። ደግሞ አንዱን ፓስወርድ ይዞ በየመሣሪያው አንድ አንዴ ብቻ የሚሞክር አለ። እሱን 3ም 5ም አይዘውም።

የማታ ፈረቃ፦ ሁለቱም ከበቃ 5 ይሁን ማለት ነዋ።

አንጋፋው፦ ልጆች፣ መቆለፉ ራሱ ነው ጣጣው። ከውጭ ያለ ሰው ሆን ብሎ 5 ጊዜ ከተሳሳተ ኦፕሬተሩ ከገዛ ማሽኑ ደጅ ይቀራል። ፓምፑ እየጮኸ 15 ደቂቃ ቆማችሁ ልትጠብቁ ነው? ይልቅ ማስጠበቅ ይሻላል። በመጀመሪያው ስህተት 1 ሰከንድ፣ ከዚያ 2፣ 4፣ 8 እያለ ይሂድ። ሁለቴ ለተሳሳተ ሰው ምንም አይደለም፤ አሥረኛው ስህተት ላይ ግን ከ8 ደቂቃ በላይ ያስጠብቃል። መቆለፍ የግድ ከሆነም በኔትወርክ ለሚመጣው እንጂ ስክሪኑ ፊት ለቆመው አይሁን።

የኔትወርክ ሰው፦ ጋሼ ልክ ብለዋል። እኛ ጓንት ላይ ነን እንጂ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ካሜራውንና ራውተሩን ሁሉ የሰበሰበው በ60 ገደማ የፋብሪካ ስምና ፓስወርድ ነው፤ የገባውም በቴልኔት። ማሽኖቹ የሚነጋገሩበት ሞድበስማ ጭራሽ ፓስወርድ አይጠይቅም። የሱ መግቢያ፣ ፖርት 502፣ ከውጭ ክፍት ከሆነ ምን ልትቆልፍ ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ የሦስት ቁጥሩ ካቢኔ በር ላይ ፓስወርዱ በማርከር ተጽፎ አይቻለሁ። መጀመሪያ እሱ ይጥፋ።

ቀን ፈረቃ፦ የኔ ጽሑፍ ነው። ሌሊት እየደወላችሁ ስታስነሱኝ ምን ላድርግ? ሰው መስደብ ከሆነ የተሰበሰብነው ይነገረኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ማንም አልሰደበህም። የጻፈውን መቼ አወቅኩና።

ቀን ፈረቃ፦ እሺ፣ ይቅር። የመሣሪያዎቹን ዝርዝር እኔ አወጣለሁ። የትኛው ቴልኔቱ ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው የፋብሪካ ፓስወርድ ላይ እንዳለ። እስከ ረቡዕ።

ጸሐፊ፦ ተባረክ።

ጸሐፊ፦ ሐሙስ ነው። ዝርዝሩስ?

የማታ ፈረቃ፦ ስልኩ አይነሳም። እኔ ግን ስክሪን ላይ የሚሠራ ጓንት አግኝቻለሁ፤ ጣቱ ጫፍ ላይ ለየት ያለ ክር አለው። ሞከርኩት፣ አንዴም አልተሳሳትኩም።

ገንዘብ ያዥ፦ ለሁሉም ፈረቃ ቢገዛ መዋጮው ይችለዋል። ቪፒኤኑን ግን አብሮ አይችለውም።

የማታ ፈረቃ፦ እንዲያ ከሆነ 3ትም ይሁን፣ ግድ የለኝም።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ ቁጥር 3። አንቀጽ 4፦ 5 ሙከራ፣ ከዚያ ጋሼ እንዳሉት ማስጠበቅ። የጓንት ግዢ ተጨምሯል። ቪፒኤኑ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር። ተቃውሞ ያለው?

የማታ ፈረቃ፦ የለም።

ገንዘብ ያዥ፦ የለም።

አንጋፋው፦ ቴልኔቱስ?

ጸሐፊ፦ ዝርዝሩ ሲመጣ፣ ጋሼ።